መንገድ የሚወጣበት ቤት

አሰላ ስንኖር የክፍላችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተቀባ የኤክስ ምልክት ነበረ። ከአዲስ አበባ የመጡ የፕላን ሰዎች አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀለም ጣሳ አንጠልጥለው ግቢ ለግቢ እየዞሩ የቀቡት ነው። «በዚህ በኩል መንገድ ይወጣል ማለት ነው» ብለውን ሄዱ። መንገዱ ሁለት የጭነት መኪና ጎን ለጎን የሚያሳልፍ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ የሚተከልበት፣ ከላይ ከጭላሎ ተራራ በኩል ተነስቶ ቁልቁል እስከ ገበያው የሚወርድ ነው ተባለ። ያን ፕላን የሣለው ሰው ሰፈራችንን በዓይኑ አይቶት እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። ያን ቁልቁለት አህያ እንኳ የምትወርደው ቆም ብላ አስባበት ነው።

ምልክቱ ከተቀባ ወዲህ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። ጣሪያው ሲያፈስ ቀበሌ ሄጄ አንድ ቆርቆሮ ለመቀየር ፈቃድ ብጠይቅ «መንገድ ይወጣበታል» አሉኝ። የመስኮቱ እንጨት በስብሶ ሲወድቅ «መንገድ ይወጣበታል»። ሽንት ቤቱ ሲሞላ እንኳ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ «መንገድ ይወጣበታል»። እሺ መቼ ነው የሚወጣው ብዬ ስጠይቅ የቀበሌው ሊቀመንበር «ሲወጣ ታያላችሁ» ይለኛል። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ፣ ድስትና የልጆቼን መታጠቢያ ሳፋ በየቦታው ደርድሬ፣ የማይወጣውን መንገድ እየረገምኩ ውሃ ስደፋ እከርማለሁ።

ክፍሏ የቀበሌ ነበረች። የከተማ ቤትን ከወረሰው አዋጅ በፊት ግን ግቢው በሙሉ የአንዲት ሴት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ትልቁን ቤት ለራሳቸው ይዘው፣ ከጀርባው ለኪራይ የሚሆኑ ክፍሎች አሠርተው ነበር። አዋጁ ትልቁን ቤት ትቶላቸው ሌላውን «ትርፍ ቤት» ብሎ ወሰደው። እኛ ለቀበሌ እየከፈልን አንዷ ክፍል ውስጥ ገባን፤ እትዬ ደግሞ በጓሮ መስኮታቸው ሆነው ቀን ከሌት ያዩናል። እኔ ግድግዳዬ ላይ ሚስማር ስመታ የሚያማቸው እሳቸውን ነበር። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ግን «ደህና አደሩ» ስላቸው «እንዴት አደርሽ» የሚሉኝ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ቆርቆሮዬ እያዩ ነው። በሁለታችን ቤት መካከል አንዲት መተላለፊያ አለች። ከግቢው በር ወደ እኛ ክፍል የሚያደርሰው መንገድ እሱ ብቻ ነው። እንግዳም ይምጣ እንጨት ሻጭ፣ በዚያ ነው የሚገባው፣ በዚያው ነው የሚወጣው።

በዚያች ክፍል ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆቻችን እንኖራለን። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ እሱ የመንግሥት እርሻ ኮምባይን መካኒክ ነው፤ አጨዳ ሲደርስ ገጠር ገብቶ ይሰነብታል። የእኛ አልጋ አንዱን ወገን ይይዛል፣ የልጆቹ ፍራሽ ማታ ማታ ይዘረጋል፣ ቁም ሳጥን አለች፣ ጠረጴዛ አለች። ደብተር የማርመው ልጆቹ እስኪተኙ ጠብቄ ነው፤ አለበለዚያ ክርናቸው ቀይ እስክሪብቶዬን ይገፋዋል። ይህን ሁሉ እንደምንም ችለነው ነበር። ያላስቻለኝ የእናቴ ነገር ነው።

እናቴ ሲሬ ብቻዋን ትኖር ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ዓይኗ እየደከመ ሄደ። አንድ ቀን እሳት ላይ የጣደችውን ድስት አወርዳለሁ ብላ እጇን ጉልቻው ላይ አሳርፋው ተቃጠለች። ጎረቤት ልኮብኝ ስደርስ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «ምን አደከመሽ፣ ትንሽ ነገር ናት» አለችኝ። ጨርቁን ስፈታው ትንሽ ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ እናቴን ወደ እኔ ካላመጣኋት እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ወሰንኩ።

ግን የት ነው የማስተኛት? ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት ወፍጮ ቤት ይሠራ የነበረ፣ ድምፁ አሁንም ወፍጮ የሚያስንቅ ሰው ነው። ሌላ ክፍል ወይም ሰፋ ያለ ቤት እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

«ቤት የሚሰጠው ቤት ለሌለው ነው» አለኝ። «አንቺ አለሽ።»

«እናቴን የማስተኛበት የለኝም እኮ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እናትሽም ሲሬ ቤት አላቸው። ሁላችሁም ቤት አላችሁ። ምን ቀራችሁ?»

በጣም ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ከእኛ ክፍል ጎን፣ አንድ የታሸገ ክፍል ነበረ። በሩ በገመድ ታስሮ በማኅተም ታሽጓል። ውስጡ ያለው የሰልፍ መፈክር ነው፤ ከሰልፍ እስከ ሰልፍ ቀበሌው ጨርቆቹንና እንጨቶቹን እዚያ ያስቀምጣል። የዚያ ክፍል ጣሪያ አያፈስም። ሊቀመንበሩን ክፍሉን እንዲሰጠኝ ብጠይቀው «የሕዝብ ንብረት የት ይደር?» ብሎ ተቆጣኝ።

መፍትሔውን ያመጣው ባለቤቴ ነው። መካኒክ ስለሆነ «አይቻልም» ሲባል ከየትኛው ጎን እንደሚፈታ ያያል። በእኛ ሰፈር ቤት ማስፋት ክልክል ነው፣ መጠገን ክልክል ነው፣ ምርጊት ግን አይከለከልም። እንዲያውም ለዘመን መለወጫና ለአብዮት በዓል ከተማው እንዲያምር ተብሎ ሁሉም ግድግዳውን እንዲመርግ ቀበሌው ራሱ በድምፅ ማጉያ ይለፍፋል። ስለዚህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ገታ ሲል ሰፈሩ በሙሉ ጭቃ ያቦካል፤ የስንዴ ጭድ ይገባበታል፣ እበት ይገባበታል፣ እግሩ ያልጨቀየ ሰው የለም። በዚያ ጊዜ ማን ምን እንደሚሠራ ማንም አይጠይቅም።

ባለቤቴ ያደረገው እንዲህ ነው። ከግድግዳችን ውጭ፣ በመተላለፊያው በኩል፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቀጫጭን ባህር ዛፍ አቆመ፤ ማገር መታበት፤ እኔና ልጆቹ በጭቃ መረግነው። ለሚያየው ሰው ግድግዳው ወፈር ብሎ ተመረገ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ አሮጌውን ግድግዳ ከውስጥ በኩል አፍርሰን አፈሩን በጆንያ አወጣን። ጣሪያውን የተሸከሙትን ምሰሶዎች ብቻ ተውናቸው። ክፍላችን በአንድ ምርጊት አንድ ክንድ ያህል ሰፋች። በሚቀጥለው ዓመት ከክፈፉ ሥር ቁራጭ ቆርቆሮ ቀጥለን ደገምነው። በሦስተኛው ክፍሏ መሃል ሁለት ምሰሶ ቆሞ ቀረ፤ ልጆቹ ካፖርታቸውን ይሰቅሉበታል። ከምሰሶዎቹ ወዲያ ያለው ቦታ የእናቴ አልጋ መዘርጊያ ነው። ኖራ ቀባሁት። እዚያ ቦታ ላይ ማንም ምንም ነገር እንዳያስቀምጥ ልጆቹን አስጠንቅቄ ነበር።

አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ፣ ይህንን ብልሃት የፈጠርነው እኛ ብቻ ነን ብለን ማመናችን ነው። እትዬም በየዓመቱ ያስመርጋሉ። በመጀመሪያው ዓመት መተላለፊያው ትንሽ የጠበበ መሰለኝ፤ የእኛ ሥራ ነው ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛው ውሃ የሞላ ባልዲ በሁለት እጅ ይዤ ማለፍ አቃተኝ። በሦስተኛው በጎን ነበር የምንገባው። እትዬ ደንደን ያሉ ሴት ናቸው፤ እሳቸው በዚያ ማለፍ ትተው ዞረው በፊት በር መሄድ ጀመሩ። የእሳቸው ግድግዳ ወደ እኛ፣ የእኛ ወደ እሳቸው እየመጣ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አንዳችንም አንናገርም። እኔ እሳቸውን ብከስ የሚመጣው ኮሚቴ የእኔንም ይለካል፤ እሳቸውም እንደዚያው። ስለዚህ በጎን በጎን እየተላለፍን፣ የጭቃ ቀለም በቀሚሳችን ላይ ይዘን እየወጣን፣ «ምርጊትዎ አምሯል እትዬ»፣ «የአንቺም እንዲሁ ልጄ» እየተባባልን ኖርን። ማንን ነበር የምንሸነግለው?

ቦታው ሲደርቅ እናቴን ለማምጣት ሲሬ ሄድኩ። ያኔ ሰው ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ሲሄድ መሸኛ ያስፈልገዋል። የሲሬ ቀበሌ መሸኛውን ጻፈላት፤ ግን እኔ ቤት ልትኖር ከሆነ የእሷ ቤት ትርፍ ቤት ሆነ። እዚያም ቤት የለም፣ እዚያም ሰው ወረፋ ይጠብቃል። ዕቃዋን ስናወጣ የሚገቡት ባልና ሚስት ጨቅላ ሕፃን ታቅፈው፣ ፍራሻቸውን ተሸክመው በር ላይ ቆመው ነበር። እናቴ ቁልፉን ለሴትዮዋ ሰጥታ «ጓዳው በኩል ነፋስ ይገባል፣ በጨርቅ ወትፊው፤ ልጁን እንዳይመታው» አለቻት። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላዋ አላየችም። እኔ ግን አየሁ፤ የእነሱ ፍራሽ ከእኛ ጭነት ቀድሞ ቦታውን ያዘ።

እናቴ ይዛ የመጣችው አንድ ሣጥን፣ አንድ ቡጢ የምታህል ድመትና አልጋዋን ነው። ድመቷ ዴራ ላይ መኪናው ሲቆም አመለጠችን። አልጋው ግን አያመልጥም። አባቴ ሲያገባት አናጢ ቤት ድረስ ጠርቶ በቁመቷ ልክ ያሠራላት፣ ከዝግባ የተሠራ፣ የሚፈታ ብሎን የሌለው፣ ማዕዘኑ ሁሉ በሚስማር የተጠረቀመ አልጋ ነው። ለማንሳት ጎበዝ ጎበዝ ሰው ይፈልጋል። ከጭነት መኪናው አውርደን በጋሪ እስከ ግቢያችን በር አደረስነው። ባለቤቴና ጋሪ ነጂው ከግራና ከቀኝ አነሱትና ወደ መተላለፊያው ገቡ።

አልገባም።

አጋደሙት፣ አልገባም። አቆሙት፣ የጣሪያው ክፈፍ ያዘው። ከላይ በኩል እናሳልፈው ቢባል የእትዬ ቆርቆሮና የእኛ ቆርቆሮ ከላይ ሊሳሳሙ ምንም አልቀራቸውም። ባለቤቴ ላቡን ጠርጎ አልጋውን መሬት ላይ አሳረፈው። «እማማ» አላት፣ «መሃሉን በመጋዝ ብቆርጠውና ከውስጥ መልሼ ብገጥመውስ?»

እናቴ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ ነበር። «አልጋዬን የሚቆርጥ መጀመሪያ እኔን ይቁረጠኝ» አለች።

በጥቅምት የማይጠበቅ ዝናብ ከጭላሎ በኩል ጠቁሮ ይመጣል። ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጭቃ ያቦካሁለት አልጋ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ያን ጊዜ እትዬ በግድግዳቸው ጫፍ ብቅ አሉ፤ አልጋውንና መተላለፊያውን ለክተው ሲያዩ አየኋቸው።

«እትዬ» አልኩ፣ «ያን ግድግዳዎን ወደ ቦታው ቢመልሱት ኖሮ ይሄ አልጋ ያልፍ ነበር።»

«የማን ግድግዳ? የኔ ግድግዳ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባቆመው ቦታ ነው ያለው።»

«የልብስ ማስጫ እንጨትዎ የት ሄደ ታዲያ? መተላለፊያው ላይ አልነበረም እንዴ የቆመው? ዛሬ እቤትዎ ውስጥ ነው ያለው!»

«አንቺስ?» አሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። «ክፍልሽ መሃል ሁለት ምሰሶ የሚሠራው ምንድን ነው? ዳንስ ቤት ከፈትሽ? እኔ ያሠራሁትን ቤት አላውቀውም ብለሽ ነው? እያንዳንዱን ቋሚ ቆሜ ያስተከልኩት እኔ ነኝ!»

«በየዓመቱ አስመርገዋል!»

«ሦስት ጊዜ መርገሻል!»

«ዲሳ!» አለ አንድ ሰው ከኋላችን፤ በኦሮምኛ ተዉ ማለቱ ነው። ሊቀመንበሩ ነው። የእናቴን መሸኛ ሊያይ፣ አዲስ ነዋሪ ሊመዘግብ የመጣ ነው፤ ቤት ድረስ የጋበዝኩት እኔው ነበርኩ። ሦስት ዓመት በሽንገላ የደበቅነውን ነገር በአንድ ትንፋሽ፣ በሙሉ ድምፃችን፣ ከነዓመተ ምሕረቱ ሰጠነው።

ሊቀመንበሩ ወደ መተላለፊያው ሊገባ ሞከረ። ትከሻው ያዘው። ተመልሶ ወጥቶ የኮቱን ጭቃ አራገፈ።

«ይሄ የፕላን መንገድ ነው» አለ። «ሁለት መኪና የሚያልፍበትን መንገድ አልጋ እንዳያልፍበት አደረጋችሁት።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ሳቄ መጥቶብኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ የንዴት ሳቅ። ሁለታችንም ግድግዳችንን ወደነበረበት እንድንመልስ፣ ባንመልስ ሁለቱም ቤት እንደሚታሸግ አዘዘ። አልጋው ላይ ላስቲክ አልብሰን፣ እናቴን እኔና ባለቤቴ በምንተኛበት አልጋ ላይ አስተኝተናት እኛ መሬት ተኛን።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ግድግዳ አፈረስኩ። እኔ በዚህ በኩል በእልህ እመታለሁ፣ በዚያ በኩል የእትዬ ቤት በእልህ ይመታል። አቧራው መተላለፊያውን ሞላው። አቧራው ሲረግፍ እኔና እትዬ በሁለቱ ክፍት ግድግዳ በኩል ፊት ለፊት ተያየን። ከኋላቸው የጓሮ ክፍላቸው ወለል ላይ ፍራሽ ተዘርግቷል፤ ሴት ልጃቸው ሕፃናቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከባሏ ቤት ተመልሳ መምጣቷን እንኳ አላወቅኩም ነበር። ባሏ የት እንዳለ በዚያ ዘመን አይጠየቅም፤ ሴት ከነልጆቿ እናቷ ቤት ከገባች ሰው የገመተውን ገምቶ ዝም ይላል። እኔ ለእናቴ የመረግኩትን እሳቸው ለልጃቸው ነው የመረጉት። እትዬም ከእኔ ኋላ እናቴን አዩ። አንዳችንም ይቅርታ አላልንም። «ውሃ አላችሁ?» ብቻ አሉኝ፣ ጉሮሯቸውን አቧራ ይዞት። በጣሳ ሰጠኋቸው።

ሁለታችንም አሮጌው ግድግዳ በነበረበት መስመር መልሰን መረግን፤ መተላለፊያው ሰፋ። አልጋው ዝም ብሎ ገባ። ጋሪ ነጂው እንኳ አላስፈለገም፤ ባለቤቴና የእትዬ ሴት ልጅ ተሸክመው አስገቡት። ክፍሉ ውስጥ ሲያስቀምጡት ግን የግርጌው ጫፍ በሩ መክፈቻ ላይ ወጣ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። አልጋው ካለ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ከተከፈተ አልጋው የለም። ክፍሏ ስትሰፋ አልጋው የሚገባበት ጠፋ፤ መግቢያው ሲሰፋ ደግሞ ክፍሏ ጠበበች። ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? እንደ ሕፃን መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ባለቤቴ «በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት ባደርገውስ?» አለ። መልካም ሐሳብ ነው። ማጠፊያውን መንቀል ብቻ ነው። ግን አሁን ዓይን ውስጥ ገብተናልና ቀበሌ ሄጄ ጠየቅኩ። ሊቀመንበሩ አሰበ። በእውነት አሰበ፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ንዴቴ በቀለለኝ።

«በር አቅጣጫ መቀየር የቅርጽ ለውጥ ነው» አለኝ። «ደግሞ ወደ መንገዱ ነው የሚከፈተው። መኪና ሲያልፍ ይመታዋል።»

«የትኛው መኪና?» ብዬ ጮህኩበት። «የትኛው መኪና ነው ጓድ ሊቀመንበር?»

«መንገዱ ሲወጣ» አለኝ።

ስመለስ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እኔን ለማስገባት ባለቤቴ እሷን አስነስቶ አልጋውን አጋደመና በሩን ከፈተ። የታሸገውን ክፍል በመስኮት ስታየው ቆይታ ኖሮ «እዚያ ማነው የሚኖረው?» አለችኝ።

«መፈክር» አልኳት።

«ብቻውን?» አለች።

እጇን፣ ያ ጠባሳ ያለበትን እጇን፣ በአልጋው ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ታስኬደዋለች። የምትመለስበት ቤት እንደሌላት ሁለታችንም እናውቃለን። ለእኔ ስትል ግን ስለ ሲሬ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ ብትናገር ይሻለኝ ነበር። በኋላ ባለቤቴን ጠራችው።

«ልጄ፣ መጋዝ አለህ?»

«እማማ፣ ተይው፣ ሌላ መላ...»

«መጋዝ አለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

አልነበረውም፤ የብረት መቁረጫ እንጂ የእንጨት መጋዝ የለውም። የእትዬ መስኮት ክፍት ነበር። ያልነውን ሁሉ ሰምተዋል። ትንሽ ቆይተው የባላቸውን መጋዝ በጨርቅ እንደተጠቀለለ በመስኮት አቀበሉን። «ጥርሱ ደህና ነው፣ ዘይት ቀቡት» አሉ። ያንን ቤት የሠሩበት መጋዝ ነበር።

እናቴ የሚቆረጠውን ቦታ ራሷ በጣቷ ለክታ አሳየችው። በሩ እስኪከፈት ድረስ እንጂ ከዚያ አንድ ጣት አታስበልጥ አለችው። እንጨቱ እንዳይንቀጠቀጥ ጫፉን በሁለት እጇ ያዘች፤ እሱ ሲቆርጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዝግባው ሲቆረጥ ክፍሉን ጥሩ ሽታ ሞላው። የተቆረጠውን ግርጌ በሚስማር መልሶ ገጠመው፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። «ይኸው» አለች እናቴ፣ «አሁን በር ሆነ።»

ሊቀመንበሩ በማግስቱ መጥቶ ግድግዳው ወደ ቦታው መመለሱን አየና አመሰገነን። ከዚያ አንድ ጣሳ ቀለም አስመጥቶ ያንን ቀይ ምልክት አዲሱ ጭቃ ላይ ራሱ ቀባው። እርጥብ ስለነበር ቀለሙ ወደ ታች ወረደ።

እናቴ እኛ ዘንድ ለዓመታት ኖረች። ደስ ብሏት ነው የኖረችው ማለት እችላለሁ፤ ልጆቼ ጸሎትና ተረት ከእሷ ተማሩ፣ ከእትዬ ጋር በመስኮት ስለ ድሮው ገበያ ሲያወሩ ይውላሉ፣ ስኳር ሲታደል ወረፋ ትይዝልኛለች። አልጋዋ ላይ ግን ጉልበቷን አጥፋ ነው የምትተኛው። መጀመሪያ ሰሞን ሌሊት እግሯ ግርጌውን ሲመታ እሰማ ነበር። በኋላ አይመታም። ጀርባዋም ከእግሯ ጋር እየታጠፈ ሄደ። እኔ እርጅና ነው እያልኩ፣ ባልዲ እየደፋሁ፣ ቀበሌ እየተመላለስኩ፣ ኖርኩ። መንገዱ አልወጣም። በዚያ በኩል ከአህያና ከእኛ በቀር ያለፈ የለም።

የሞተችው በክረምት ነው። የእድራችን አናጢ ልኬት ሊወስድ መጣ። ገብቶ ጎንበስ ብሎ ትንሽ ቆየና ወጣ። መተላለፊያው ላይ ቆሞ ግራና ቀኙን በዓይኑ መለካት ጀመረ።

«በዚህ በኩል ያልፋል አይደል?» አለኝ።

«አሁን ሰፊ ነው» አልኩት። «ምን አሳሰበህ?»

«ሳጥኑ ይረዝማል» አለ። «እናትሽ ረጅም ሴት ነበሩ እኮ።»

ረስቼው ነበር።